መድኃኒቱ በነጻ እያለ ለምን ይሞታሉ?
ኤችአይቪ፣ ተጓዳኝ በሽታዎችና የሆስፒታል አልጋ

በኢትዮጵያ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ከጀመረ ሃያ ዓመት አልፏል። ቫይረሱ በደሙ ያለ ወጣት በጊዜ ተመርምሮ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ከወሰደ ዕድሜው ከእኩዮቹ ብዙም አያጥርም። ይሠራል፣ ይወልዳል፣ ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ ያበቃል። ታዲያ በየሆስፒታሉ የውስጥ ደዌ ክፍል ዛሬም ሰውነታቸው ከስቶ፣ ራሳቸውን ስተው ወይም ትንፋሽ አጥሯቸው በቃሬዛ የሚገቡ የኤችአይቪ ሕሙማን ለምን አሉ? ከገቡትስ ብዙዎቹ ለምን በሕይወት አይወጡም?

ጥያቄው የኛ ብቻ አይደለም። ከመላው ዓለም የተሰበሰቡ ጥናቶችን አጠቃሎ በ2015 በላንሴት ኤችአይቪ መጽሔት የታተመ ሥራ፣ ሆስፒታል ከተኙ አዋቂ የኤችአይቪ ሕሙማን ከአምስቱ አንዱ እዚያው እንደሚሞት አሳይቷል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። አብዛኞቹን የሚገድለው ቫይረሱ ራሱ አይደለም። የሰውነት መከላከያ ሲዳከም ተከትለው የሚገቡት ናቸው፦ ሳንባ ነቀርሳ፣ የአንጎል ሽፋንን የሚያጠቃ ፈንገስ፣ ከባድ የሳንባ ምች፣ በባክቴሪያ የሚመጣ የደም መመረዝ።

መልሱን ሆስፒታሉ ውስጥ ብቻ የሚፈልግ ሰው ግማሹን ያጣዋል። የሐኪም ብቃትና የመድኃኒት አቅርቦት ትልቅ ድርሻ አላቸው። የሕመምተኛው ዕጣ በብዛት የሚወሰነው ግን አልጋ ከመያዙ በፊት ባሉት ወራትና አልጋውን ከለቀቀ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው።

ከሹክሹክታ ወደ ቀጠሮ ካርድ

ኤድስን ዓለም ያወቀው ቫይረሱ ከመታወቁ በፊት በተጓዳኝ በሽታዎቹ ነው። ጁን 5 ቀን 1981 የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል ሳምንታዊ እትም፣ በሎስ አንጀለስ አምስት ወጣት ወንዶች ኒሞሲስቲስ በተባለ እምብዛም በማይታይ የሳንባ ምች መያዛቸውን ዘገበ። ዘገባው ሲወጣ ሁለቱ ሞተው ነበር። ቫይረሱ ራሱ የተገኘው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

በኢትዮጵያ ቫይረሱ በ1984 በተወሰደ የደም ናሙና ውስጥ እንደነበረ ኋላ ላይ ተረጋግጧል፤ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት በ1986 ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት የሹክሹክታ ዓመታት ነበሩ። አልማዝ ባለጭራ የወጣበት ሰው ፊቱን ሸፍኖ ይሄዳል፣ የከሳ ሰው ይጠረጠራል፣ ለቅሶ ቤት «በምን ሞተ?» ሲባል «በሳንባ» ተብሎ ይታለፋል። ሆስፒታሎች ተጓዳኝ በሽታውን እያከሙ ይሸኛሉ፤ ሕመምተኛው ከወራት በኋላ በሌላ በሽታ ይመለሳል።

በ1996 ሦስት መድኃኒቶችን አንድ ላይ መስጠት ሲጀመር በሀብታም አገሮች የሞት ቁጥር በአንድ ጊዜ አሽቆለቆለ። እኛ ዘንድ ግን መድኃኒቱ አቅም ላለው ብቻ ነበር። መንግሥት በ2003 በክፍያ ማቅረብ ጀመረ፤ በ2005 ደግሞ በግሎባል ፈንድና ፔፕፋር በተባለው የአሜሪካ መርሐ ግብር ድጋፍ በነጻ መሰጠት ተጀመረ። ሌላው ትግል የእምነት ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ለፈውስ እንጦጦ ማርያም ጸበል ይወርዱ ነበር፤ ጸበሉን የጀመረ ክኒኑን መተው አለበት ብለው ያመኑም ብዙዎች ነበሩ። በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መከሩ። ይህ ምክር ክኒኑን ከጸበሉ ጋር ላስታረቁ ቤተሰቦች ትልቅ እፎይታ ሆኗል።

ከዚያ ወዲህ የተገኘው ውጤት ግዙፍ ነው። በዓለም ከኤድስ ጋር በተያያዘ ምክንያት በዓመት የሚሞተው ሰው በ2004 ከ2 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ በ2024 ወደ 630 ሺህ ወርዷል። በኢትዮጵያ የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሰዎች ዘንድ የቫይረሱን ስርጭት 0.9 ከመቶ አድርጎታል። በ2017 እና 2018 በከተሞች የተካሄደው ሰፊ ጥናት ደግሞ ክፍተቱ የት እንዳለ ጠቁሟል። ቫይረሱ ካለባቸው አዋቂዎች መካከል መኖሩን የሚያውቁት 79 ከመቶ ነበሩ። ከሚያውቁት 97 ከመቶ የሚሆኑት መድኃኒት ጀምረዋል፤ ከጀመሩት መካከል ደግሞ 88 ከመቶ በሚጠጉት ቫይረሱ ታፍኗል። ያወቀ ሰው መድኃኒቱን ያገኛል ማለት ነው። ከአምስት አንዱ ግን አያውቅም ነበር፤ ሆስፒታል በቃሬዛ ከሚደርሱት አንዱ ወገን የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሲዲ ፎር እየወረደ ሲሄድ

ሲዲ ፎር የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች የመከላከያውን ሥራ የሚያስተባብሩ ናቸው። በጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ500 እስከ 1,500 ገደማ ይቆጠራሉ። ኤችአይቪ የሚያጠቃው እነዚህን ነው፤ ግን በአንድ ጀምበር አይጨርሳቸውም። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው። ሰውየው እየሠራ፣ እየበላ፣ እየሳቀ ቁጥሩ ዓመት በዓመት ይወርዳል።

በሽታዎቹ የሚመጡትም ይህንኑ ቁጥር ተከትለው ነው። ሳንባ ነቀርሳና አልማዝ ባለጭራ ብዙ አይጠብቁም፤ ቁጥሩ ገና ብዙ ሳይወርድም ይከሰታሉ። ከ200 በታች ሲሆን የኒሞሲስቲስ ሳንባ ምችና እስከ ጉሮሮ የሚወርድ የአፍ ፈንገስ ይመጣሉ። ከ100 በታች አንጎል ይጠቃል፤ ክሪፕቶኮከስ የተባለው ፈንገስ ማጅራት ገትር ያስከትላል፣ ቶክሶፕላዝማ የተባለው ጥገኛ ተሐዋሲ ደግሞ አንጎል ውስጥ እብጠት ይፈጥራል። ከ50 ሲወርድ ዓይንን የሚያጠፋ ቫይረስና ሌሎች ብርቅ የነበሩ በሽታዎች ይታከላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ሲዲ ፎሩ ከ200 በታች የሆነን ወይም ከባድ የኤድስ ምልክት የታየበትን ሰው «የከፋ ደረጃ ላይ የደረሰ» ብሎ ይመድበዋል፤ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ሁሉ ከዚሁ ይቆጠራል።

ቶክሶፕላዝማ ለኛ አገር የተለየ ትርጉም አለው። ተሐዋሲው የሚተላለፈው በድመት ዓይነ ምድር በተበከለ ምግብና አፈር እንዲሁም በደንብ ባልበሰለ ሥጋ ነው። በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች ሲጠቃለሉ ቫይረሱ በደማቸው ካለ ሰዎች ከመቶ ሰማንያ በላይ የሚሆኑት ተሐዋሲው ቀድሞ እንደገባባቸው ያሳያሉ። መከላከያቸው ደህና እስከሆነ ድረስ ያንቀላፋል። ሲነቃ ግን በአንድ ጎን መዛል፣ በመንዘፍዘፍና በንግግር መጠላለፍ ይገለጣል፤ ቤተሰብ «ስትሮክ ነው» ወይም «መንፈስ ነው» እያለ ቀናት ያባክናል። በጊዜ ሕክምና ከተጀመረለት ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ መሻል የሚታይበት በሽታ ነው። ባክትሪም በሚል ስም በሰፊው የሚታወቀው ኮትሪሞክሳዞል ይህንንም፣ የኒሞሲስቲስ ሳንባ ምችንም አስቀድሞ ይከላከላል፤ ዋጋውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ያልታሰበ ችግር አለ። መድኃኒት ለመጀመር ሲዲ ፎር እስኪወርድ ይጠበቅ በነበረበት ዘመን ቁጥሩ ለሁሉም ይለካ ነበር። «የተመረመረ ሁሉ ወዲያው ይጀምር» የሚለው መመሪያ ከ2015 ወዲህ ሲመጣ መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱን በሚያሳየው የቫይረስ መጠን ምርመራ ላይ ትኩረት ተደረገ፤ በብዙ አገሮች የሲዲ ፎር ምርመራ ተቀዛቀዘ። መመሪያው ትክክል ነው፤ ብዙ ሕይወት አድኗል። ነገር ግን ቀድሞ የሚታወቅ የነበረው ሰው፣ ማለትም መከላከያው ተሟጦ ገና የቆመው ሰው፣ ከዓይን ተሰወረ። በዓይን አይቶ መለየት ደግሞ አይቻልም። በኬንያ፣ በኡጋንዳ፣ በማላዊና በዚምባብዌ ሲዲ ፎራቸው ከ100 በታች የሆነ 1,805 ሰዎች የተሳተፉበትና በ2017 የታተመው ሪያሊቲ የተባለ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል፤ ከነዚህ ሰዎች ግማሽ የሚጠጉት የጎላ ምልክት አልነበራቸውም። ከኤችአይቪ መድኃኒቱ ጋር የቲቢ፣ የፈንገስና የባክቴሪያ መከላከያ መድኃኒቶች በአንድነት ሲሰጣቸው በስድስት ወር ገደማ ውስጥ የሞቱት ከ12.2 ወደ 8.9 ከመቶ ወርደዋል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

የማይታየው ቲቢ

ከተጓዳኝ በሽታዎች ሁሉ ብዙ ሰው የሚገድለው ሳንባ ነቀርሳ ነው። በኤችአይቪ ሕሙማን አስከሬን ላይ የተደረጉ ምርመራዎችን ያጠቃለለ ጥናት ከአሥሩ በአራቱ ገደማ ቲቢ አግኝቷል። ይበልጥ የሚያሳዝነው ከነዚህ ግማሽ የሚጠጉት ሲሞቱ ቲቢ እንዳለባቸው አለመታወቁ ነው።

የሚያመልጠው በሐኪም ስንፍና ብቻ አይደለም። በራጅ የሚታየውን የሳንባ ቁስል የሚፈጥረው በአብዛኛው የሰውነት መከላከያ ከጀርሙ ጋር የሚያደርገው ውጊያ ነው። መከላከያ ሲጠፋ ውጊያው ይጠፋል፤ ራጁ ንጹሕ ሊመስል ይችላል። አክታው ውስጥ ያለው ጀርም ጥቂት ነው፤ አቅሙ ያለቀ ሕመምተኛ አክታውን አስሎ ማውጣትም ይሳነዋል። ጀርሙ ግን ከሳንባ ወጥቶ በደም ወደ ጉበት፣ ወደ ጣፊያ፣ ወደ አንጎል ሽፋን ተሰራጭቷል። በካርዱ ላይ «አክታ፦ ነጌቲቭ» ተብሎ ይጻፋል፤ ሕመምተኛው ለሳንባ ምች የሚሰጥ መርፌ እየተወጋ ይደክማል።

በዓለም ጤና ድርጅት በ2010 የጸደቀው ጂን ኤክስፐርት የተባለ የቲቢ መመርመሪያ ብዙ ነገር ለውጧል፤ እሱም ቢሆን በዋናነት የሚፈልገው አክታ ነው። ሌላው መፍትሔ ሽንት ነው። ላም የተባለው ምርመራ ከቲቢ ጀርም ግድግዳ የሚወጣ ቅንጣት ሽንት ውስጥ መኖሩን ያያል። ጥቂት ጠብታ ሽንት በወረቀት መመርመሪያው ላይ ይደረጋል፤ ከ25 ደቂቃ በኋላ መስመር ከወጣ ሕክምናው በዚያው ቀን ይጀመራል። ማሽንም መብራትም አይሻም። መከላከያው ይበልጥ በተሟጠጠ ሰው ላይ ይበልጥ መሥራቱ ደግሞ ከሌሎች ምርመራዎች ይለየዋል። በደቡብ አፍሪካ፣ በታንዛኒያ፣ በዛምቢያና በዚምባብዌ ሆስፒታሎች ተሞክሮ በስምንት ሳምንት ውስጥ የሚሞቱትን ከ25 ወደ 21 ከመቶ አውርዷል። አራት ከመቶ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ከ100 ሕሙማን የአራቱን ሕይወት በአንድ የወረቀት ቁራጭ ማትረፍ ግን በሕክምና ዓለም ብርቅ ነው።

የራስ ምታቱ

ለሳምንታት የቆየ፣ በማስታገሻ የማይመለስ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ የዓይን ብዥታ፣ ከዚያ መቃዠት። ክሪፕቶኮከስ ማጅራት ገትር አብዛኛውን ጊዜ የሚገለጠው እንዲህ ነው። ፈንገሱ ከአፈርና ከወፍ ኩስ በትንፋሽ ይገባል፤ ጤነኛ ሰው ሳያውቀው ይቋቋመዋል። በዓለም ከኤድስ ጋር ከተያያዙ ሞቶች ከአምስት አንዱ የሚጠጋው በዚህ በሽታ እንደሚደርስ በ2022 የታተመ ግምት ያስረዳል።

ሕሙማኑን የሚገድለው ፈንገሱ ብቻ ሳይሆን ግፊቱም ነው። ፈንገሱ በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ዙሪያ የሚዘዋወረው ፈሳሽ የሚወጣበትን መንገድ ይደፍናል፤ ፈሳሹ ይጠራቀማል፣ አንጎልንና የዓይን ነርቭን ይጫናል። መፍትሔው ከጀርባ ፈሳሽ መቅዳት ነው። ሕመምተኛው በጎኑ ተጋድሞ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ይሰበስባል። ሐኪሙ ወገቡን ዳስሶ ቦታውን ያደነዝዛል፤ ቀጭን መርፌ በአከርካሪ አጥንቶቹ መካከል ያስገባል። በመርፌው ላይ በቆመው ቱቦ ፈሳሹ የሚወጣበት ከፍታ ይለካል። በተለመደው ሁኔታ ከ20 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ከ25 ካለፈ ፈሳሹ ጠብታ በጠብታ እንዲፈስ ይተዋል። ብርሃን ማየት አቅቶት ዓይኑን ጨፍኖ የነበረ ሰው መርፌው ሳይነቀል «ቀለለኝ» ሊል ይችላል። ግፊቱ ስለሚመለስ ግን በየቀኑ መድገም የሚያስፈልግበት ጊዜ ብዙ ነው።

ክርክሩ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። «ከጀርባ ውሃ የተቀዳ ሰው ይሽመደመዳል» የሚለው ፍርሃት በየዋርዱ አለ። አስታማሚ አልፈርምም ይላል፤ ሽማግሌ ይጠራል፤ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ያልፋል። ሕብለ ሰረሰሩ የሚያልቀው መርፌው ከሚገባበት ከፍ ብሎ ስለሆነ መርፌው አይደርስበትም። ፍርሃቱ የመጣው በአመዛኙ ከዘገየ ውሳኔ ነው፤ ሕመምተኛው ሊሞት ሲል ይቀዳለታል፣ በማግስቱ ያርፋል፣ ጥፋቱ ወደ መርፌው ይዞራል። በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ግፊቱን ለማቅለል ተጨማሪ ቅጂ የተደረገላቸው ካልተደረገላቸው ይልቅ በእጅጉ በሕይወት እንደቆዩ አሳይቷል።

መድኃኒቱም የራሱ ታሪክ አለው። በኢትዮጵያም ሆነ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ለረጅም ዓመታት በእጅ የነበረው ፍሉኮናዞል ነው፤ ብቻውን ሲሰጥ ከግማሽ የማያንሱ ሕሙማን ይሞታሉ። የሚሻለው አምፎቴሪሲን ከፍሉሳይቶሲን ጋር ነው። ፍሉሳይቶሲን የተሠራው በ1957 ነው፤ የባለቤትነት መብቱ ካበቃ ዘመን የለውም። ያም ሆኖ ገዢው ድሃ ስለሆነ የሚያስመዘግበውና የሚያመጣው ጠፍቶ ኖሯል። በ2022 አምቢሽን የተባለው ጥናት በቦትስዋና፣ በማላዊ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በኡጋንዳና በዚምባብዌ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ከፍተኛ መጠን ያለው ሊፖሶማል አምፎቴሪሲን፣ ከሁለት ሳምንት የአፍ መድኃኒቶች ጋር፣ ከተለመደው የሰባት ቀን ሕክምና እንደማያንስና ጉዳቱም እንደሚቀንስ አረጋገጠ። በአሥር ሳምንት የሞቱት 24.8 ከመቶ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ዓመት ተቀበለው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 12 ብልቃጥ ያስፈልጋል፤ አምራቹ በ2018 ለድሃ አገሮች ባስታወቀው 16.25 ዶላር ሲሰላ 195 ዶላር ይሆናል። ለአንድ ሕይወት ብዙ አይደለም፤ ለመድኃኒት ግዥ ክፍል ግን ከሌላው ሁሉ ጋር የሚሻማ ገንዘብ ነው።

ምርጡ ሕክምና ቢገኝ እንኳ ከአራቱ አንዱ ይሞታል። የተሻለው ውጤት ያለው ራስ ምታቱ ከመምጣቱ በፊት ነው። የፈንገሱ ቅንጣት ምልክት ከመታየቱ ሳምንታት ቀደም ብሎ ደም ውስጥ ይገኛል፤ ለመለየት አሥር ደቂቃ የሚፈጅ የወረቀት ምርመራ ይበቃል። የሚያስፈልገው ማንን መመርመር እንዳለበት ማወቅ ነው፤ ይህም ወደ ሲዲ ፎሩ ይመልሰናል።

የሰሊጥ አገር በሽታ

ከዓለም ሁሉ ኤችአይቪና ጣፊያን የሚያሳብጠው ካላዛር ተደርበው በብዛት ከሚታዩባቸው ቦታዎች ቀዳሚው የኛ ሰሜን ምዕራብ ነው። በሁመራና በመተማ ቆላ በሰሊጥና በማሽላ አዝመራ ወቅት ከደጋው በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የቀን ሠራተኞች ይወርዳሉ። ሌሊት የሚያድሩት ሜዳ ላይ ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትኖረው በተሰነጠቀ ዋልካ አፈርና በግራር ሥር ነው። ከቤት ርቆ ወራት የሚከርመው ወጣት ለኤችአይቪ የሚያጋልጠውም ኑሮ እዚያው ይጠብቀዋል።

ሁለቱ በሽታዎች አንዱ ሌላውን ያባብሳሉ። ካላዛር የቫይረሱን መራባት ያፋጥናል፤ ኤችአይቪ ደግሞ ካላዛር ታክሞ እንዳይጠፋ ያደርጋል። ሆዱ በጣፊያ እብጠት የተነፋ፣ እጅና እግሩ የሰለለ፣ ትኩሳት የማይለቀው ሕመምተኛ ይታከማል፤ ይሻለዋል፤ ከወራት በኋላ ይመለሳል። ሦስትና አራት ጊዜ የሚመላለስም አለ። ጎንደርና አብዱራፊ ላይ የተካሄደውና በ2019 የታተመው ጥናት ሊፖሶማል አምፎቴሪሲን የተባለውን መርፌ ሚልቴፎሲን ከተባለው እንክብል ጋር መስጠት፣ መርፌውን ለብቻው ከመስጠት በግልጽ እንደሚበልጥ አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ለምሥራቅ አፍሪካ ያወጣው ምክር በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። እዚሁ የተፈጠረ ችግር እዚሁ በተሠራ ምርምር መፍትሔ አግኝቶ ለዓለም መመሪያ ሲሆን፣ በሕክምና ታሪካችን ከፍ ተደርጎ ሊነገር የሚገባው ነው።

ያም ሆኖ አዝመራው ሲያልቅ ሠራተኛው ወደ ጎጃም፣ ወደ ወሎ፣ ወደ ጎንደር ደጋ ይመለሳል። ካላዛርን አይቶ የማያውቅ ጤና ጣቢያ ወባ ነው፣ ታይፎይድ ነው እያለ ሲያክመው ይከርማል። በሽታው ከታወቀ በኋላም ለክትትል የሚመጣበት መንገድ ረጅም ነው።

መቸኮልም ይገድላል

ሕመምተኛው አልጋ ላይ ሳለ የኤችአይቪ መድኃኒቱን መቼ ይጀምር? ይህ ለዓመታት ሐኪሞችን ያከራከረ ጥያቄ ነው። በሰፊው አስተሳሰብ «ቶሎ» የሚለው መልስ ሁልጊዜ ትክክል ይመስላል። በአብዛኛው ነውም፤ ቲቢ ያለበት ሰው የቲቢ ሕክምና በጀመረ በሁለት ሳምንት ውስጥ የኤችአይቪውንም ቢጀምር ይመከራል።

አንጎል ሲጠቃ ግን ሌላ ነው። መድኃኒቱ መከላከያውን ሲያነቃው፣ የነቃው መከላከያ አንጎል ውስጥ ባለው ጀርም ላይ በአንድ ጊዜ ይዘምታል። የሚፈጠረው እብጠት በጠባቡ የራስ ቅል ውስጥ ቦታ ያጣል። በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ ተካሂዶ በ2014 የታተመ ጥናት ክሪፕቶኮከስ ማጅራት ገትር ያለባቸውን ሕሙማን ለሁለት ከፈለ። በአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ከጀመሩት በስድስት ወር 45 ከመቶ ሞቱ፤ አምስት ሳምንት ገደማ ከጠበቁት የሞቱት 30 ከመቶ ናቸው። ስለዚህ ዛሬ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መጠበቅ ይመከራል። በጤና ጣቢያ ራስ ምታት እያለው መድኃኒት የተጀመረለት ሰው ከሳምንት በኋላ ራሱን ስቶ የሚመጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ቤተሰቡ «መድኃኒቱ ገደለው» ቢል አይፈረድበትም፤ የገደለው ግን ቀድሞ ሳይታይ የቀረው ፈንገስ ነው።

ሌላም ስውር ወጥመድ አለ። ዛሬ ዋናው የኤችአይቪ መድኃኒት ዶሉቴግራቪር ያለበት የአንድ ክኒን ሕክምና ነው። ለቲቢ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ጉበት ዶሉቴግራቪርን ቶሎ እንዲያስወግድ ስለሚያደርግ፣ ሁለቱን አብሮ የሚወስድ ሰው በቀን አንድ ተጨማሪ ዶሉቴግራቪር ያስፈልገዋል። ከሆስፒታል ሲወጣ ይህች ተጨማሪ ክኒን ካልተጻፈችለት ወይም ለምን እንደሆነ ካልተነገረው ይተዋታል።

ጀምረው ያቋረጡት

ከሃያ ዓመት በፊት ሆስፒታል ገብቶ የሚሞተው በአብዛኛው ተመርምሮ የማያውቀው ነበር። አሁን ሌላ ዓይነት ሕመምተኛ ተጨምሯል፦ ያወቀ፣ የጀመረ፣ ያቋረጠ። በደቡብ አፍሪካ ዌስተርን ኬፕ በተደረገ ክትትል፣ በቅርብ ዓመታት ሲዲ ፎራቸው እጅግ ወርዶ ከተገኙት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቀድሞ መድኃኒት የጀመሩ ሰዎች ሆነዋል። «መርምረንና አስጀምረን ጨረስን» ማለት እንደማይቻል ይህ ያሳያል።

ሰው የሚያቋርጠው በአንድ ምክንያት አይደለም። ለዓረብ አገር ሥራ ሊሄድ የሚዘጋጅ በምርመራ እንዳይታወቅበት ይፈራል። አዲስ ያገባች ክኒኗን የምትደብቅበት ታጣለች። ሌላው ደህና ሆኖ ሲሰነብት «ድኛለሁ» ይላል። ሰፈሩ እንዳያውቅበት ሁለት መኪና ቀይሮ ራቅ ያለ ጤና ጣቢያ ክትትል የያዘ ሰው የትራንስፖርት ዋጋ ሲጨምር ቀጠሮው ያመልጠዋል። ጦርነትም ያቋርጣል። ከ2020 እስከ 2022 በዘለቀው የሰሜኑ ጦርነት ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል፣ መድኃኒት የሚደርስበት መንገድ ተዘግቷል። በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ የውጭ ዕርዳታ በድንገት ሲታገድ ደግሞ የተገዛ ክኒን ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ታየ። ቀጠሮ ያለፈበትን ደውሎ የሚፈልገው፣ መዝገቡን የሚይዘው፣ አጠገቡ ተቀምጦ የሚመክረው ሠራተኛ ደመወዝ በብዙ ቦታ የሚመጣው ከዚያ ዕርዳታ ነበር።

ያቋረጠ ሰው ሲመለስ የሚቀበለው ፊት ዕጣውን ይወስናል። «የት ጠፍተህ ነው?» የሚለው ቁጣ ብዙዎችን ከበር መልሷል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን፤ መደበቅን ትርፋማ የሚያደርገው ግን ብዙ ጊዜ የኛው ግልምጫ ነው።

«ተሽሎት ወጥቷል»

በሆስፒታል መዝገብ ሕመምተኛ በአንድ ቃል ይዘጋል፤ ተሽሎት ወጥቷል፣ ወደ ሌላ ተልኳል፣ ወይም ሞቷል። «ተሽሎት» የተባለው ሰው ግን በትክክል ምን ይዞ ይወጣል? ሲዲ ፎሩ ገና 40 ነው፣ የቲቢ ሕክምናው ገና ወራት ይቀሩታል፣ በከረጢቱ አራት ዓይነት መድኃኒት አለ፣ ቤት የሚጠብቀው ምግብ ውስን ነው። በ2022 የታተመ የጥናቶች ማጠቃለያ ከሆስፒታል በሕይወት ከወጡ የኤችአይቪ ሕሙማን ከሰባቱ አንዱ ገደማ ከወጣ በኋላ እንደሚሞት፣ ከአምስቱ አንዱ የሚጠጋው ደግሞ ተመልሶ እንደሚተኛ አሳይቷል። ይህ ቁጥር በዋርዱ መዝገብ ላይ የለም።

ክፍተቱ ያለው በሁለት ክፍሎች መካከል ነው። የተኝቶ ሕክምናው የመውጫ ወረቀት ጽፎ ሥራውን ይጨርሳል፤ የኤችአይቪ ክሊኒኩ ሕመምተኛው ተኝቶ እንደነበር ላያውቅ ይችላል፤ ሌላ ከተማ ያለ ክሊኒክ ከሆነማ ፈጽሞ አያውቅም። ወረቀቱን አድራሹ ያው ደካማው ሕመምተኛ ነው።

መሙላት እንደሚቻል ግን ማስረጃ አለ። በታንዛኒያና በዛምቢያ ሲዲ ፎራቸው ከ200 በታች በሆነ ሰዎች ላይ የተሞከረውና በ2015 የታተመው ጥናት ሁለት ነገር አደረገ። ሁሉንም ለክሪፕቶኮከስ ፈንገስ መረመረ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደግሞ ሥልጠና የተሰጣቸው የአካባቢ ሰዎች ቤታቸው ድረስ እየሄዱ መድኃኒት መውሰዳቸውን፣ አዲስ ምልክት መኖር አለመኖሩን ጠየቁ። በአንድ ዓመት ውስጥ የሞቱት ከ18 ወደ 13 ከመቶ ወረዱ። ይህን ለመሥራት ስፔሻሊስት አላስፈለገም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ላሉባት አገር ደግሞ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም።

ስለዚህ የሆስፒታል ውጤት የሚለካበት መንገድ ራሱ ቢቀየር ብዙ ነገር አብሮ ይቀየራል። ዛሬ የሚቆጠረው በአልጋው ላይ የሞተው ነው። ከስድስት ወር በኋላ በሕይወት መኖሩና መድኃኒቱን መውሰዱ ቢቆጠር፣ ሆስፒታሉ ሲዲ ፎር ሳይለካ ሕመምተኛ አያስተኛም፣ የሽንትና የፈንገስ ምርመራ ሳያደርግ አያድርም፣ ለክሊኒኩ ሳይደውል አይሸኝም። አስታማሚም ሕመምተኛው ከመውጣቱ በፊት ሦስት ነገር ጠይቆ መልሱን በወረቀት መያዝ ይችላል፦ ሲዲ ፎሩ ስንት ነው? የትኛው መድኃኒት ከየትኛው ጋር፣ እስከ መቼ ይወሰዳል? የሚቀጥለው ቀጠሮ የት ነው፣ እዚያ የሚጠብቀው ባለሙያስ መምጣቱን ያውቃል? ሦስቱም ካልተመለሱ ሕክምናው ገና አላለቀም።